መሬት የማይነካው ግንድ

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ይህን የሚጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ደብተራ ነው፤ ሲጽፍ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። «ቀና በል፣ ወገብህ ይጣመማል» ስለው ይስቃል። በወገብ ነገር ዓለም ሁሉ ቢስቅ እሱ ባይስቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ የማስጽፈውን እሱም ገና አልሰማውም፤ ከእናንተ ጋራ አብሮ ይስማው።

ስሜ ዘርጋው ነው፤ አገሬ ደነባ። በዚያ ዘመን ንጉሡ ወደ እንጦጦ ወጥተው አንኮበር ለካህናቱና ለቀሩት ሹማምንት ቀርታ ነበር። እኔ የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ እንደኔ ያለ ጅል በሸዋ ምድር የበቀለ አይመስለኝም። ጉልበት ነበረኝ። ጉልበት ያለው ሰው ማሰብ የደካማ ሥራ ይመስለዋል። ሁለት ስልቻ ገብስ በአንድ ትከሻዬ አድርጌ ገበያ መሐል እዞር ነበር፤ ልሸጠው አይደለም፣ ሰው እንዲያየኝ ነው። «በሬው» ይሉኝ ነበር። ስድብ መሆኑ አልገባኝም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ነው። ከአንኮበር አድባራት የአንዱ ጣራ ወድቆ፣ ክረምት ሳይገባ መከደን ነበረበትና የየአገሩ ሰው ለሥራ ታዘዘ። ከደነባ እኔና የእህቴ ባል ወሰኔ ሄድን። ወሰኔ የዚህ የጸሐፊዬ አባት ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ እርፍ ከያዘ ግን የሚስተካከለው ያልነበረ ገበሬ። እህቴ ስትሸኘን «ወንድም ጋሼ፣ ዘር ሳይደርስ መልስልኝ። ያለ እሱ ማን ያርስልኛል?» አለችኝ።

«እኔ አብሬው እያለሁ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» አልኋት። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የሥራው አለቃ አንድ ባላምባራስ ነበር። ስሙን አላስጽፍም፤ ቀለም አይባክንም። አንቱ ማለትም ይገባኝ ነበር፤ አልልም። ከበቅሎው ሳይወርድ «በርቱ፣ እንሸከም እንጂ» የሚል ሰው ነበር። እንሸከም ሲል ራሱን ጨምሮ ነው።

ከወፍ ዋሻ ጫካ የተቆረጠ ትልቅ የጥድ ግንድ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ የሚይዘው ዋናው አግዳሚ እሱ ነው። ዐሥራ ሁለት ሆነን እንድንሸከመው ተመደብን። ግንዱ ከስድስት ወፍራም ዱላዎች ጋራ በጠፍር ይታሰራል፤ እያንዳንዱን ዱላ ሁለት ሰው፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ በትከሻው ይይዘዋል። ከመነሣታችን በፊት ባላምባራሱ ከበቅሎው ላይ ሆኖ እንዲህ አለን፦

«ስሙ። ይህ የታቦት ማደሪያ ግንድ ነው። አንድ ጊዜ ትከሻ ላይ ከወጣ አንኮበር እስኪገባ መሬት አይነካም። መሬት ያስነካ ሰው ርጉም ነው።»

ከዐሥራ ሁለታችን አንድ ሰው እንኳ «ይህ የት ተጽፏል?» አላለም። ዛፉ የበቀለው ከመሬት ላይ እንደ ነበረ፣ ከተቆረጠም በኋላ ሳምንት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ እንደ ሰነበተ ማናችንም አላስታወስንም። ነገሩ የተቀደሰ ከመሰለ እኛ ጥያቄ አናውቅም፤ ተሸክመን እንሄዳለን። እኔማ ጭራሽ ደስ አለኝ። ሳያርፉ መሸከም ጉልበት የሚታይበት ነው። አቅራሪውም እኔ ነበርሁና ግጥም ገጠምሁለት፦

ወገቤን ያለ ሰው ይግባ ከማጀት፤
ወፍጮ እየፈጨ ይኑር እንደ ሴት።

ሰዉ ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ወሰኔ ብቻ ዱላውን ያያል። እኔና እሱ የመጨረሻውን ዱላ ነበር የያዝነው። እኔ ረጅም፣ እሱ አጭር። ዱላው ወደ እሱ ዘመመ፤ ዱላው ሲዘምም ጠፍሩም ግንዱም ወደ እሱ ይንሸራተታል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። የእኔ ዓይን ግን ራሴን ነበር የሚያየው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ከአንኮበር በታች መንገዱ ጠበበና ከአልዩ አምባ ወደ ገበያ ከሚወጡ ነጋዴዎች ጋራ ተገናኘን። አንዲት እስላም ሴት በሦስት በቅሎ ጨው ጭና ጥግ ይዛ ታሳልፈናለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይሆናል። ዘይነባ ትባላለች፤ በአልዩ አምባ ዙሪያ የታወቀች ወጌሻ ነበረች፤ የሰው እግር ቢሰበር፣ የበቅሎ ጀርባ ቢገጠብ ወደ እሷ ነው የሚኬደው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት መንገዴ ላይ የቆመች ባልቴት ነው።

እኔና ወሰኔ አጠገቧ ስንደርስ «አንተ ረጅሙ» አለችኝ። «ይህ አጭር ሰው ምን በድሎህ ነው የምትገድለው?»

«ከመንገዱ ዞር በይ» አልኋት።

«ዞር ብያለሁ። ሸክሙ ሁሉ ወደ እሱ ሄዷል። እኩያውን ከእኩያው አጣምሩ። ደግሞ ትከሻችሁ ላይ ጨርቅ እንኳ የለም። እኔ በቅሎዬን ያለ መደላድል ብጭናት አልዩ አምባ ሙሉ ይሰድበኛል።»

«እኛ በቅሎ አይደለንም፤ ወንዶች ነን» አልኋት። ሰዉ ሳቀ።

«አይደላችሁም» አለች። «በቅሎስ ሲከብዳት ትተኛለች።»

ወሰኔ ያን ቀን የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው ያኔ ነው። «ዘርጋው፣ እውነቷን ነው። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ትንሽ እናውርደውና ቦታ እንቀያየር» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማው።

ምን ብዬ የመለስሁለት ይመስላችኋል? ጮክ ብዬ ግጥሜን አቅራራሁበት። «ወገቤን ያለ ሰው ይግባ ከማጀት» ስል ዐሥሩም ሰው ተቀበለኝ። ባላምባራሱም ከበቅሎው ላይ «እንዲህ ነው ወንድ» አለ። ወሰኔ ጥርሱን ነከሰ።

አንኮበር ዳገት ላይ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ዳገት ላይ ሸክም ወደ ኋለኛው ሰው ይወርዳል፤ ኋለኞቹ እኛ ነን። ፊተኞቹ ሲታጠፉ የግንዱ ጭራ ወደ ገደሉ ወጣ። ወሰኔ የረገጠው ደንጊያ ከእግሩ ሥር ተንከባለለ። ማንም ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲሆን ሸክሙን ጥሎ ራሱን ያድናል። ወሰኔ ግን መሬት ያስነካ ሰው ርጉም ነው ተብሏል፤ አማቹ ደግሞ በሰው ፊት ሴት ብሎታል። አልጣለም። ተጠማዞ ዱላውን በጀርባው ተቀበለው።

ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ ወሰኔ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ግንዱም መሬት ነካ።

ባላምባራሱ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከበቅሎው ወረደ። ሮጠ። የሮጠው ወደ ግንዱ ነው። በእጁ እየዳበሰ «ተሰንጥቋል? አልተሰነጠቀም?» ይላል። ደኅና መሆኑን ሲያይ አማተበና ተመስገን አለ። ከዚያ ወደ ወሰኔ ዞሮ «ይህ ሰው ጾም የሚገድፍ መሆን አለበት። ያለ ኃጢአት እንዲህ አይሆንም» አለ።

በዕድሜዬ ብዙ ርካሽ ሰው አይቻለሁ። የርካሾች ሁሉ አለቃ እሱ ነው እንዳልል፣ ያን ጊዜ አጠገቡ እኔ ነበርሁ የቆምሁት።

«ዘርጋው» አለኝ ወሰኔ። «እግሬ የት ሄደ?»

እግሩ እዚያው ነው። አይንቀሳቀስም።

የማደርገው ቢጠፋኝ የማውቀውን ላደርግ ተነሣሁ፤ በብብቱ ሥር እጄን አግብቼ እንደ ስልቻ ላነሣው። ያን ጊዜ በትር ክርኔን መታኝ። ዘይነባ ናት፤ ከኋላችን ስትወጣ ደርሳብናለች።

«ካነሣኸው ገደልኸው» አለች። «ልቀቅ። ጉልበትህ እስካሁን የሠራው ይበቃዋል።»

ለቀቅሁ። ቢስሚላህ ብላ ተንበረከከችና የጀርባውን አጥንት ከላይ እስከ ታች በጣቷ ጫፍ ብቻ እየነካች ወረደች። ከዚያ «ሁለት ረጅም እንጨት አምጡ፤ ቃሬዛ እንሠራለን» አለች።

ከሰዎቹ አንዱ «ቃሬዛ ለሕያው ሰው? ሟርት ነው» አለ።

«ሟርቱን ጧት ጀምራችሁታል» አለችው።

የጨው ጭነቷን መንገድ ዳር አራግፋ የበቅሎዎቿን መደላድል ፈትታ ቃሬዛው ላይ አነጠፈችለት። ሳይጠማዘዝ፣ ስድስት ሆነን እንደ አንድ ሰው አንከባለን አስተኛነው። ተሸካሚ አራት ሰው መረጠች፤ ቁመታቸውን በዓይኗ ለክታ፣ እኩያን ከእኩያ። እኔን አልመረጠችኝም። «አንተ ራሱን ደግፍለት፣ እንዳይወዛወዝ» አለችኝ። «ሳታቅራራ መሄድ ትችል እንደሆነ።»

ከዳገቱ አጠገብ አንድ ገበሬ ቤቱን ለቀቀልን። የበሩን መዝጊያ ነቅለን መሬት ላይ አጋደምነውና እዚያ ላይ አስተኛነው። እኔ ቅቤ ፈልጌ አምጥቼ ልሸው ብል ከእጄ ቀማችኝ።

«ያበጠ አይታሽም። እናንተ ነገሩ ሁሉ በመግፋት የሚድን ይመስላችኋል።»

«ይድናል ወይ?»

«አላህ ያውቃል። እስከ ሦስት ቀን እግሩ እሾህ ከተሰማው ይቆማል። ካልተሰማው ሚስቱን አስመጣት።»

የግራር እሾህ ይዛ ውስጥ እግሩን ወጋችው። ወሰኔ ጣራ ጣራውን ያያል። ሠርክ ላይ ደግማ ወጋችው። ምንም የለም። በማግሥቱ ጧትም ወጋችው፤ ምንም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ እህቴ አስባለሁ፤ ስለ ሁለቱ በሬዎቿ፤ ደጇ ላይ ቆሜ ምን እንደምላት። ቀን ላይ ከባላምባራሱ መልእክተኛ መጣ። ግንዱ ስለ ረከሰ ጠበል እስኪረጭበት መንገድ ላይ ተቀምጧል፤ ዘርጋው ይምጣና ሰዉን በቀረርቶ ያነሣሣ ይላል። «አፌን አሞኛል በለው» ብዬ መለስሁት።

ዘይነባ ሰምታ ሳቀች፤ የንቀት ሳቅ ነው፤ ግን እንደ ፊተኛው ንግግሯ አልመረረኝም። «ተቀመጥ» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ የሚጠቅምህን ስማ። ስታነሣ ከወገብህ አትጎንበስ፣ ቁጢጥ በልና በጉልበትህ ተነሥ። ግመል እንኳ ተንበርክካ ነው የምትጫነው። ሸክሙን ከሆድህ አታርቀው። ስትዞር በእግርህ ዙር እንጂ በወገብህ አትዙር። በየዳገቱ ማረፊያ አለ፤ ዝም ብሎ የተሠራ መሰለህ?»

«ይህን ማን አስተማረዎ?» አልኋት። አንቱ ማለት ጀምሬ ነበር።

«የበቅሎ ጀርባ። በቅሎዬ ከተገጠበች ጭነቴ ይቀራል፤ ስለዚህ አስብላታለሁ። እናንተ ብትሰበሩ ሌላ ሰው ይታዘዛል፤ ስለዚህ ማንም አያስብላችሁም። ይብስ የሚገርመኝ ግን እናንተም ለራሳችሁ አለማሰባችሁ ነው።»

ሦስተኛው ቀን ጧት ወጋችው፤ ምንም። ወደ ደነባ የምልከውን ሰው በልቤ መምረጥ ጀመርሁ። ቀትር ላይ ደግማ ተንበረከከች። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ኧረ ምን ትወጊኛለሽ?» አለ ወሰኔ።

ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» አለችና እሾሁን ጥላ ወጣች። እኔ አለቀስሁ። ጻፈው፤ አላፍርበትም።

ወሰኔ ግን ደስ አላለውም። «ዘርጋው፣ ግንዱ መሬት ነክቷል። ርጉም ሆኛለሁ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እግሩን ሳይሆን ይህን ኖሯል የሚያስበው። በቃ፣ እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በማግሥቱ ወደ ግንዱ ወጣሁ።

ዐሥሩም ሰዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል። ባላምባራሱ ጠበል እንዲረጩለት የደብሩን አለቃ አስጠርቶ፣ ሽማግሌው መቋሚያቸውን ይዘው በእግራቸው ደርሰዋል። መስቀል ተሳለምሁና ሰዉ እየሰማ ጠየቅኋቸው፦

«አባታችን፣ የቤተ ክርስቲያን ግንድ መሬት ቢነካ ያስነካው ሰው ርጉም ነው ወይ?»

አለቃው ግራ ገባቸው። «ማን አለ?»

«ባላምባራሱ።»

«ልጄ፣ ግንድ ነው እኮ። ታቦት ሲገባበት ይከብራል፤ እስከዚያው ግንድ ነው። እኔ ሰው ወድቋል ሲሉኝ ነው እየሮጥሁ የመጣሁት። የወደቀው ሰው የታለ?»

ባላምባራሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለትጋት ብዬ ነው፣ አባታችን። ሰው ዕረፍት ከለመደ ክረምት ይደርስብናል» አለ።

ለትጋት። በዚህች ቃል ወሰኔ ሦስት ቀን እግር አልነበረውም።

ሄጄ ግንዱ ላይ ቁጭ አልሁበት። አንዱ ሰው አየኝና መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሌላውም ተከተለ። ዐሥራ አንዳችንም መሬት በማይነካው ግንድ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ባላምባራሱ «ግረፉልኝ ይህን ባለጌ» አለ፤ የሚገርፈውም ሰው ከእኛ ጋራ ተቀምጧል።

«እኩያ ከእኩያ እንጣመራለን» አልሁት። «በየማጠፊያው እናወርዳለን። ትከሻችን ላይ መደላድል ይኖራል።»

«መደላድል ከየት ላምጣላችሁ?»

ሁላችንም ወደ በቅሎው ዞርን። ኮርቻዋ ሥር ባለ ጥልፍ ወፍራም ግላስ አለ። አለቃው ወደ ሰማይ ያያሉ።

«አንድ ቀን ያለ ግላስ ቢሄዱ ወገብዎ አይቆረጥም» አልሁት።

ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጣራው አልተከደነም፤ ከእኛ ሌላ ሰው የለውም። ሰጠን። ከግላሱ የአራት ሰው ትከሻ ወጣ፤ ለቀረነው አሮጌ ስልቻ ጭድ እየሞላን አደረግን፤ በወሰኔም ቦታ ያ ቤቱን የለቀቀልን ገበሬ ገባ። በአንድ ቀን ይገባል የተባለው ግንድ በሁለት ቀን ገባ። አንድም ሰው አልተጎዳም። ባላምባራሱ በኋላ ሥራውን በጥበብ ፈጽሟል ተብሎ ተሸለመ አሉ። ይሸለም።

ወሰኔ ከሁለት ወር በኋላ ቆመ። ቆመ ስላችሁ እንደ እናንተ አይደለም፤ ጎብጦ ነው። እርፍ ዳግመኛ አልያዘም። የእሱንም የእኔንም መሬት እኔ አረስሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ? ይህ ግን ቀላሉ ነው። ግጥሜ ከእኛ ቀድሞ ደነባ ገብቶ ኖሯል። ወሰኔ ጎብጦ ገበያ ሲያልፍ ጎረምሶች «ወገቤን ያለ ሰው ይግባ ከማጀት» እያሉ ያቅራሩበት ነበር። ስንቱን ደበደብሁ፤ ግጥም ግን አይደበደብም። ወሰኔ አንድ ቀን «ተዋቸው። ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ቤት ይመታል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አቅራርቼ አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤት የምታሠሩ፣ ሰው የምታዙ፦ በቅሎአችሁን ስትጭኑ ጀርባዋን ትዳብሳላችሁ። የሰውን ጀርባ ማን ይዳብሰው? እናንተም ጉልበተኞች ነን ባዮች፣ አታስቁኝ። ዛሬም ሥራ ባለበት ሁሉ እየሄድሁ ሰዉን በቁመቱ አጣምራለሁ፣ መደላድል አስደርጋለሁ፣ አሳርፋለሁ። ጎረምሶቹ «ባልቴቱ መጣ» ይሉኛል። እሺ፣ ባልቴት ነኝ። ያን ቀን ከመንገድ ላይ ሰው ሆና የተገኘችው ባልቴት ብቻ ናት።

በዓመቱ ለንግሥ አንኮበር ሄድን፤ ወሰኔም በበቅሎ መጣ፣ ዘይነባ ባዋሰችን በቅሎ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። የገባው ሁሉ ቀና ብሎ ያን ግንድ ያያል፤ «እንዴት ያለ ግንድ ነው» ይላል። ወሰኔ በመቋሚያው ተደግፎ ምንጣፉን ያያል፤ አንገቱ ከዚያ በላይ አይወጣለትም።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ግንዱ። ቀጥ ብሏል?»

ቀና ብዬ አየሁለት። «ቀጥ ብሏል» አልሁት።

«ተመስገን» አለ፤ ምንጣፉን እያየ።

ለልጆቹ «ዳገት ላይ አዳልጦኝ ነው» ይላቸው ነበር። እስኪሞት ድረስ የእኔን ስም አላነሣም። ይህ የሚጽፍልኝ ልጁ እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጻፍ» አልሁት። አሁን እየጻፈ ነው፤ ቀና ብሎ።